የደከመ ጨጓራ ሁሉ ዳግም አይከፈትም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምግብ አልወርድ ስለሚላቸው ሕሙማን ባወጣችሁት ዘገባ «መፍትሔው ዳግም ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው» ብላችኋል። ይህን ቃል የባለቤቴ ወንድም ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ያነበበው ሕመምተኛው ባለቤቴ አልጋ አጠገብ ቆሞ ነው። በባለቤቴ አፍንጫ የገባው ቱቦ አረንጓዴ ፈሳሽ ወደ ከረጢቱ ያወርዳል፤ እኔ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ አርስለታለሁ። ባለቤቴ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ዘመድ አዝማዱ «ሐኪሞቹ አበላሽተውታል፤ ቤቱ ተሸጦም ቢሆን ውጭ አገር ይሂድ» እያለ አሳሬን አበላኝ። ጸሐፊያችሁ ብዕሩን ሲያነሳ የታመመ ሰው ያነበዋል ብሎ አላሰበም?

የባለቤቴን የጨጓራ መውጫ ቁስለት አጥብቦት ስለነበር ሐኪሞቹ ጨጓራውን ከትንሹ አንጀት ጋር በሌላ በኩል አገናኙት። ለረጅም ጊዜ ታፍኖ የተለጠጠ ጨጓራ፣ ወይም ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰው የቫገስ ነርቩ የተቆረጠበት፣ መተላለፊያው ክፍት ሆኖ ሳለ ለሳምንታት ላይንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው ተዘግቷል ወይስ ደክሟል የሚለው ነው፤ ይህን የሚለዩት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ፣ እና ፈሳሽ ተውጦ የሚነሳ ራጅ ናቸው። ከተዘጋ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ከደከመ ግን የተጠራቀመው ፈሳሽ በቱቦ ይወጣል፣ የጎደለው ፈሳሽና ፖታሲየም ይተካል፣ ምግብ ጨጓራውን አልፎ አንጀት በሚደርስ ቱቦ ይሰጣል፤ ጨጓራን የሚያነቃቃው ሜቶክሎፕራማይድ የተባለ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ለኢንፌክሽን የምናውቀው ኤሪትሮማይሲንም በአነስተኛ መጠን ጨጓራን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ይህን ያስረዳን አንድ ተረኛ ሐኪም ነው። እናንተ አንድ ሐኪም መጠየቅ አቅቷችሁ ነው?

«ጥሬ ጎመንና ካሮት በብዛት ይብሉ» የሚለው ምክራችሁማ አደጋ ነው! በደከመ ጨጓራ ውስጥ የአትክልት ቃጫ ተጠቅልሎ እንደ ድቡልቡል ኳስ ሊሆንና መውጫውን ሊዘጋ ይችላል። እኛ የታዘዝነው ቀጭን አጥሚትና የተጣራ ሾርባ፣ ያውም በትንሽ በትንሹ ነው።

ደግሞስ ያነጋገራችሁት ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ብቻ ነው። ቁስለት መውጫውን የዘጋባቸው፣ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ሆስፒታሎች ኮሪደር ተራ የሚጠብቁት እኛስ ሕሙማን አይደለንም?

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን፤ ከማውጣታችሁ በፊትም ለአንድ የጨጓራ ቀዶ ሐኪም አስነብቡት።

የሕመምተኛው ባለቤት፣ ከካዛንቺስ