እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንኳን ለ34ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ። እናትሽ በማለዳ ሚካኤል ደርሳ መጥታለች። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ነው። አየሩን አትበክሉ እየተባለ ቢለፈፍም ኅዳር ዘንድሮም መታጠኑ አልቀረም። ዓይኔ እያለቀሰ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

በስልክ ያላወራሁሽ መጮህ ስለሚቀናኝ ነው። አክስትሽ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ ነበር። “ልጅህ ሳሎኗ ውስጥ እሳት እየለቀቀች ቧንቧ ትበይዳለች፤ እጇንም ተቃጥላለች” አለችኝ። ነገር ማጋነን እንደምትወድ አውቃለሁ። ግን ከመዳብ ቧንቧ የሠራሻቸውን መብራትና ረከቦት አንስተሽ የላክሽልንን ፎቶ እንደገና አወጣሁት። መብራቱን ትቼ ከኋላው ያለውን ግድግዳ አየሁ። ጠቁሯል። ምንጣፉም ላይ የቀለጠ ነገር የተንጠባጠበበት ምልክት አለ።

መብራቱ ቆንጆ ነው፣ እሱን አልክድም። ረከቦቱማ! አራት የመዳብ እግር አውጥተሽለት ሲኒዎቹ ላዩ ላይ ሲደረደሩ ሙሽራ ይመስላል። 31 ዓመት ቧንቧ ስሠራ፣ ቧንቧ ጌጥ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኛ ግድግዳ ሰንጥቀን፣ ቀብረን፣ በሲሚንቶ ደፍነን ነው የምንሄደው። እናትሽ “አንተ ስትደብቅ የኖርከውን እሷ ሳሎን አወጣችው” ብላ ስትስቅብኝ ዋለች።

አሁን ግን ስሚኝ። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ትተሽው አትሂጂ። ቢያንስ አንድ ሰዓት እዚያው ቆዪ። በእጅሽ ዳስሺ፣ አሽትቺ። ስልክ ቢጠራም አትነሺ።

ደግሞስ ለምንድን ነው የምትበይጂው? እኛ የምንበይደው ውሃ እንዳያፈስ ነው። ውሃ ለማያልፍበት ቧንቧ ብየዳ ምን ያደርግለታል? ኢፖክሲ የሚባለውን፣ ሁለቱን ቀላቅለሽ የምትቀቢውን ሙጫ ግዢ። የቧንቧውን ጫፍና የመገጣጠሚያውን ጎሚቶ ውስጥ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ እሺው። ሙጫውን ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ እያዞርሽ አስገቢው። የተረፈውን ወዲያው ጥረጊና እስከ ማግስቱ አትንኪው። ፈረስ አይነቅለውም። ከሰል አጠገብ የሚቀመጠውን ብቻ በሙጫ አትመኚው፣ ሙቀት ያላላዋል። እሱን በብሎን እሰሪው።

ቧንቧ ስትገዢ ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ውሰጂ፣ ኤም የሚባለውን። ሰማያዊው ኤል ነው፤ ወፈር ያለ ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ለመጋረጃ ዘንግ ወፍራም ምን ያደርግልሻል? ጽሑፉ የጥፍር ቀለም በምታስለቅቂበት አሴቶን ይነሳል። “ለእግሮቹ እንጨቱን በግማሽ ኢንች ብበሳው ጠበበኝ” ያልሽኝ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግማሽ ኢንች የሚሉት ቧንቧ ውጩ ሲለካ አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው። ስንቱ ረዳት በዚህ ግራ ሲጋባ አይቻለሁ። ሲወይብብሽም ብዙ አትጨነቂ፤ ሎሚና ጨው ያነጣዋል። በደንብ አለቅልቀሽ አድርቂው እንጂ ጨዉ ከቀረበት አረንጓዴ ያበቅላል።

መብራቱን ሳስብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ያ እየዞረ የሚቆርጠው መቁረጫ ቧንቧውን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እንደ ምላጭ የተሳለ ከንፈር ይተውለታል። ጣትሽን ከተሽ ብትዳስሺው ታገኚዋለሽ። ሽቦውን በዚያ ላይ ስትጎትቺው ፕላስቲኩ ይላጣል። ያኔ ቧንቧው ራሱ ኤሌክትሪክ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ውስጡን በክብ ሞረድ አለስልሺው። ሦስት እግር ያለው ሶኬት ግጠሚለትና አረንጓዴውን ሽቦ ከእያንዳንዱ የቧንቧ ቁራጭ ጋር እሰሪው። የናንተ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። 120 ነው ብለሽ አትናቂው፤ እሱም ይገድላል።

ከፈረሰ ቤት ያመጣሽውን አሮጌ ቧንቧ ደግሞ የተበየደበትን ጫፍ ቆርጠሽ ጣይው። አትፈግፍጊው፣ አታሙቂውም። እናንተ አገር ለመጠጥ ውሃ መስመር እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ባለበት ብየዳ መሥራት የተከለከለው በፈረንጆቹ 1986 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ትንሹ ጌታዬ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው።

እሺ ሙጫውን አልፈልግም፣ እበይዳለሁ ካልሽ ከቤት ውጪ፣ ሲሚንቶ ላይ ይሁን። ባልዲ ውሃ አጠገብሽ ይቀመጥ። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላም ትተሽው አትሂጂ።

“አባዬ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም” ትያለሽ። ይሄን የምነግርሽን እናትሽም አታውቀውም። ደብዳቤውን ራሴ ነኝ የማሽገው።

የተወለድሽ ቀን፣ ኅዳር 12 ቀን 1984፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ አሮጌ ቪላ ነው፣ እንግዳ ማረፊያ አድርገውታል። ስሙን ልተወው። የሙቅ ውሃው መስመር መዳብ ነበር። ያን ጊዜ የምንሠራው ሁሉ ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ ስለሆነ መዳብ የሚበይድ ብዙ ሰው የለም፤ እኔ እችላለሁ። ኩራቴን ብታዪው! ኮርኒሱ ውስጥ ገብቼ አንድ ጎሚቶ በየድኩ። ነበልባሉ የጣሪያውን እንጨት ላስ አደረገው። ጥቁር ነጥብ ወጣበት፣ አስር ሳንቲም የምታክል። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ አሸት አሸት አደረግኳት። ጣቴ ላይ ጥላሸት ቀረ። ረዳቴ መሰላሉን ይዞልኝ ቀና ብሎ ያያል። 19 ዓመቱ ነው።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። “ስልክ ተደውሎልሃል፣ ባለቤትህ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች።” የብየዳውን ቶርች አጠፋሁ። “ዕቃውን ሰብስብ” አልኩትና በረርኩ።

ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ የሰበሰበችው ጭድ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ዋለ። ማን ያሽትተው? ኅዳር ሲታጠን አገሩ ሁሉ ጭስ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቦግ አለ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሁለት ክፍል ግን ከነዕቃው ወደመ። ያን ሰዓት አንቺን ታቅፌ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለሠራተኛው ከረሜላ ገዝቼ፣ “ሴት ልጅ ተወለደችልኝ” ልል ሄድኩ። ኃላፊው በር ላይ ተቀበለኝ። “ረዳትህ ሲጋራውን ጥሎ አቃጠለን” አለኝ። ልጁ ያጨስ ነበር፣ እውነት ነው። እዚያው ቆሟል። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ነጥቧን እሱም አይቷታል።

ዝም አልኩ፣ ሚጣዬ። ቤት አራስ አለችኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ልጁን አባረሩት። የሁለት ሳምንት ደሞዙንም በሉት። ሲወጣ ምንም አልተናገረኝም። ከረሜላውን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ቤቴ ገባሁ።

ከስምንት ዓመት በኋላ መርካቶ ጎሚቶ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባንኮኒው ጀርባ እሱ ቆሟል። የራሱ ሱቅ ነው። ወንበር አቀረበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ዋጋም ቀነሰልኝ። “ያቺ የኅዳር ልጅ አደገች?” አለኝ። “አደገች” አልኩት። ሌላ የማወራው ነገር ጠፋኝ። ብሩን ቆጥሬ ሰጥቼው ወጣሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕቃ ከሱ ነበር የምገዛው። ሁልጊዜ እነግረዋለሁ ብዬ እገባለሁ፣ የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ቴፍሎን ገዝቼ እወጣለሁ። ዕቃ ቤቱን ከፍተሽ ብታዪ ለመቶ ቤት የሚበቃ ቴፍሎን አለ።

በቃ፣ ስለ እጅሽ ልጻፍ። ጥርስ ሳሙና እንዳትቀቢበት። መግል ከቋጠረ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ሥራ አለኝ አትበይ። የጭስ ደወሉን ባትሪ ዛሬውኑ እዪው። ያከራየሽ ሰው ያንን ግድግዳ ሳያይ ቀለም ቀቢው። ወይም ተይው፣ እውነቱን ንገሪው። አዎ፣ ንገሪው።

ደብዳቤውን ይዞልሽ በሚመጣው ሰው ሦስት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ ልከናል። በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፤ አምና እንዳበላሸሽው አታበላሺብን። ትንሹን በአያቱ ስም ሳሚልኝ።

ለፋሲካ ስትመጪ ሁለት የጧፍ ማስቀመጫ ሠርተሽ አምጪልኝ። በሙጫ የተሠራ ይሁን፤ በእሳት የተሠራ አልቀበልም። አንዱ ለቤታችን ነው። ሌላውን ይዘን መርካቶ እንሄዳለን፤ አንቺም አብረሽኝ ትገቢያለሽ።

አባትሽ