የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ በመዋጮ የተሠራ ጆሮ

«የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ምን ይሠራለታል?» ተብዬ ዘንድሮም ተጠይቄያለሁ። ሳይንሱን በአዘቦት ቀን ይማሩት የለ የሚሉ ወላጆች አሉ። መልሴ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ሥራ ነው።

ርዕሳችን ሰውነት ውስጥ የሚገጠሙ የሕክምና መሣሪያዎች ነበሩ። ስለ ልብ ምት ማስተካከያና ስለ ሰው ሠራሽ ዓይንም አንብበናል። ልጆቹን የያዛቸው ግን እዚሁ ሜልበርን የተሠራው፣ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው የጆሮ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን የሠሩት የፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ አባት የመስማት ችግር ነበረባቸው። ልጃቸው መስማት የተሳነውን ሰው የመስሚያ ነርቭ በኤሌክትሪክ ልቀስቅስ ብለው ሲነሱ፣ ብዙ ባለሙያዎች «አይሆንም» አሏቸው። የምርምር ገንዘብም አጠራቸው። ስለዚህ መንገድ ላይ ወጥተው የመዋጮ ቆርቆሮ አንቃጨሉ! በ1974 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የእርዳታ ማሰባሰቢያ አዘጋጅቶ ምርምሩን ደገፈ። ኦገስት 1 ቀን 1978 የክላርክ የመጀመሪያው መሣሪያ በመኪና አደጋ መስማት ላቆሙት ለሮድ ሳውንደርስ ተገጠመ።

ክላርክ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባሕር ዳር ላይ የሣር ቅጠል ወደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እያስገቡ ሞክረዋል። ኤሌክትሮዶቹን (ኤሌክትሪኩን ወደ ነርቩ የሚያደርሱትን ክፍሎች) የተሸከመው ሽቦ በተጠማዘዘው የውስጥ ጆሮ እንዲያልፍ ጫፉ ለስላሳ፣ ወደ ኋላው ጠንከር ያለ መሆን እንዳለበት የተረዱት እንዲህ ነው። እኛም ክፍል ውስጥ ሞከርነው። ልጆቹ አንሄድም አሉኝ።

ስብሰባዎቹን እዘላቸዋለሁ። ፉትስክሬይ በተባለው የሜልበርን ሰፈር ያሳለፍነውን ቅዳሜ ግን አልዘልም። ለዚህ ዓይነት ምርምር የሚያሰባስብ ድርጅት ፈቃዱን ይዞ፣ የታሸጉ ሳጥኖች ሰጥቶን ከገበያው አጠገብ ቆምን። አንዲት ተማሪያችን አለች፤ ክፍል ውስጥ አማርኛ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። አንድ አባት ጠጋ ብለው «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው ልጄ?» አሏት። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አባባ፣ ወንድሜ አይሰማም ነበር» አለች። ከጆሮው ኋላ ያለችው ማሽን ድምፁን እንደምትይዝ፣ በቆዳው አሳልፋ ወደ ውስጥ እንደምትልክ፣ ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ ነርቩን እንደሚነካ በራሷ አማርኛ አስረዳቻቸው። ቃል ሲጠፋት በጣቷ መዳፋቸው ላይ ሣለችላቸው። እሳቸውም ገንዘቡን ከተው፣ ግንባሯን ስመው «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው መረቋት። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

«ገንዘቡ ለምን አገር ቤት አይሄድም?» ያላችሁኝም አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አገር ቤትን መርዳት ማንም አይከለክለንም፤ እኔም እረዳለሁ። ግን የተረጋገጠ ሕክምና ከፋይ ማግኘቱ ይቀልለዋል። ገና ማንም ያላመነበት ሐሳብ ነው ከፋይ የሚያጣው። የክላርክን ሐሳብ በዚያ ጊዜ ደግፎ ያቆመው የሕዝብ መዋጮ ነው። መሣሪያው ዛሬም ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። ለአገር ቤት ልጆች አቅም የሚሆን መሣሪያ ይምጣ ከተባለ፣ እሱንም መጀመሪያ የሚያጠናው ሰው ያስፈልጋል፤ ለሚያጠናውም ደግሞ ገንዘብ።

ያልተሳካልንም አለ። በብርዱ ወራት ልጆች ቀሩ። በመጠምጠሚያ ሽቦ ድምፅ ልናስተላልፍበት የሞከርነው ሞዴል ለወላጆች ቀን አልደረሰም። የመዳብ ሽቦና መበየጃ እንዲገዛልን ያቀረብነው ጥያቄ ሳይመለስ ዓመቱ አለቀ። ለዓመት በዓል ድግስ በጀት የሚገኝ ከሆነ፣ ለአንድ ጥቅል ሽቦ መታጣቱ ከብዶኛል።

ለመጪው ዓመት የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሽቦው፣ መበየጃው፣ ዕቃችንን የምንቆልፍበት አንድ ቁምሳጥን ይሰጠን። ሆስፒታል የምትሠሩ ወላጆችም አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ልጆቹን አነጋግሩልን። ጥያቄዎቻቸውን ከአሁኑ ጽፈው ጨርሰዋል።