ብልጭ ድርግም የሚል የመኪና መብራት ለነገ አይባልም

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ፒያሳ አካባቢ ካለ ዳቦ ቤት ለየሱቁ ዳቦ አከፋፍላለሁ። የምነዳው ባለ አንድ ጋቢና አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው። ሥራዬ የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኙት ውሾችና መንገድ የሚጠርጉ እናቶች ናቸው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት እያካፋ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል እወርድ ነበር። ዋናው ፖስታ ቤት ጋ ስደርስ የፊት መብራቴ ድርግም አለ። ሁለቱም ጠፉ። ወዲያው ተመልሰው ሲበሩ አንዲት እናት አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። መሪዬን ጠምዝዤ አለፍኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ ግን ብሔራዊ ቴአትር ጋ መኪናዋን አቁሜ፣ የእጄ መንቀጥቀጥ እስኪተወኝ ተቀመጥኩ።

መብራቱ ከሐምሌ ጀምሮ ያስቸግረኝ ነበር። ብር ሲሞላልኝ አሠራዋለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። ያቺ እናት ላይ አንድ ነገር ደርሶ ቢሆን ምን ብዬ እመልስ ነበር?

ሲነጋ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። መብራቱ ቦግ አለና የግራው አምፖል እዚያው ተቃጠለ። «ዲናሞው ነው ጋሼ፣ ይቀየር» አለኝ፤ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ማለቱ ነው። የለካው ነገር የለም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ዲናሞ ገዛሁ፤ የሁለት ሳምንት ገቢዬን በላው። በሦስተኛው ቀን መብራቱ እንደገና ድርግም አለ።

መካኒኮችን የምለምነው ይህን ነው። ሞተር እየሠራ ባትሪ አትንቀሉ። ከዲናሞ የሚመጣውን ኃይል አለዝቦ የሚይዘው ባትሪው ነው። እሱ ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል። እኔ አምፖል ብቻ ስለተቃጠለብኝ ተርፌያለሁ። የዲናሞው ዳዮድም፣ ማለትም ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል፣ ሊቃጠል ይችላል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሊያበላሸው ይችላል።

ችግሩን ያገኘልኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ገና መፍቻ ሳያነሳ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የሚጠፋው አንዱ ነው ሁለቱም?» ሁለቱም አልኩት። «ነዳጅ ሲሰጡት ይስተካከላል?» አይስተካከልም። «ጉድጓድ ሲመታስ?» ያኔማ ይብስበታል አልኩት። «እንግዲያው ዲናሞውን እንተወውና ገመድ እንፈልግ» አለኝ።

አሳቡን አስረዳኝ። አንዱ መብራት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው አምፖሉ፣ ሶኬቱ ወይም የራሱ ገመድ ላይ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ ፈዝዞ ነዳጅ ሲሰጠው የሚደምቅ ከሆነ ዲናሞው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ወይም ባትሪው ይታያል። ሁለቱም አብረው ጠፍተው የሚመለሱ ከሆነ ግን ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ላይ ነው መፈለግ።

ከዚያ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር አወጣ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ፤ 14.1 ቮልት። ጤነኛ ነው። ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ ደህና ነው አለኝ። ቀጥሎ መብራቱን አብርቶ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ ቦዲ ላይ አደረገ። እዚህ ቦታ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ነበር መምጣት ያለበት። የመጣው 1.3 ቮልት ነው።

የባትሪውን ማስቀመጫ አነሳ። ከኔጋቲቩ ወደ ቦዲው የሚሄደው፣ ሁለቱም መብራቶች የሚጋሩት ገመድ የታሰረበት ብሎን ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ገመዱን ሲያጣጥፈው ከላስቲኩ ውስጥ መዳቡ ግማሽ በግማሽ ተበጥሷል። ሦስት ሳምንት ያሰቃየኝ ይኸው ነው። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ፈገፈገው። አዲስ ወፍራም ገመድ አሰረና ከላይ ግሪስ ቀባው። እንደገና ሲለካ 0.1 ቮልት ሆነ። የጠየቀኝ ዋጋ ከዲናሞው ጋር ጭራሽ የሚወዳደር አልነበረም።

የቀኙን ሶኬት ግን ቀየረው፤ ቀልጦ ነበር። አምና መንገዱ እንዲታየኝ ብዬ 100 ዋት አምፖል አስገብቼ ነበር። ፋብሪካው ለዚህ መብራት የሰጠው ለአጭሩ 55፣ ለረጅሙ 60 ዋት ነው። 100 ዋት ሲገባ ገመዱ ሊሸከመው ከሚገባው እጥፍ ሊሞላ የተቃረበ ኃይል ያልፍበታል። ከፊት የሚመጣውንም ሰው ዓይን ያጠፋል። ዛሬ ብዙ መኪና ላይ የማየው ይኸው የሚያሳውር መብራት ያሳስበኛል።

ሌሊት የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ መብራታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ድርግም ካለ ሳትቆዩ አሳዩት። መካኒኩ ዕቃ ይቀየር ከማለቱ በፊት ለክቶ ቁጥሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የዝግጅት ክፍላችሁም በመኪና ገጹ ላይ አንድ ባለሙያ ጋብዞ ይህን የመለካት ነገር በሥዕል አስደግፎ ቢያወጣልን ደስ ይለኛል። ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለሌሎቹ ሾፌሮች እለጥፈዋለሁ።

ዳቦ አከፋፋይ ሾፌር፣ ከፒያሳ