ጁሪና የተቀዳ ምስክርነት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጁሪ ችሎት፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተመረጡ አባላት ማስረጃ ሰምተው ስለሚወስኑበት ችሎት፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ «አባላቱ የተቀዳውን ምስክርነት ይዘው ገብተው ደጋግመው ያዩታል» መባሉ መታረም አለበት። ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። የመንገድ ካሜራ ምስል ወይም ተከሳሹ ለፖሊስ ሲናገር የተቀዳ ድምፅ በኤግዚቢትነት ከተያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መምከሪያው ክፍል ይገባል። ምስክሩ የሰጠው ቃል ግን በቪዲዮም ቢቀዳ ምስክርነት ነው፤ በመርህ ደረጃ የሚደገመው በችሎት ነው።

አባላቱ በምስክሩ ቃል ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሰብሳቢያቸው ጥያቄውን ጽፎ ለዳኛው ይልካል። ዳኛው ለብቻቸው አይመልሱም። በካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 1138 መሠረት ጁሪው ወደ ችሎት ተመልሶ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ወይም ጠበቃው ባሉበት፣ አለዚያም እንዲያውቁት ተደርጎ መልስ ይሰጠዋል። በኒው ዮርክም የግዛቲቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ጁሪው ጽፎ የላከው ጥያቄ መልስ ከመሰጠቱ በፊት ቃል በቃል በመዝገብ ላይ ይነበባል።

ጣጣው ያለው ቅጂውን መቁረጡ ላይ ነው። «የመኪናው ቀለም ምን ነበር አለ?» ብሎ ጁሪው ጠየቀ እንበል። በዋና ጥያቄ (የጠራው ወገን ሲጠይቀው) «ሰማያዊ» ያለው ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ (ተቃራኒው ወገን ሲጠይቀው) «መሽቶ ነበር፣ ጥቁርም ሊሆን ይችላል» ብሎ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ማሰማት ግማሹን ማስረጃ መደበቅ ነው። ዳኛው «ከመዝገብ ይውጣ» ያሉት መልስም ከቅጂው ላይ በራሱ አይጠፋም። ሁለቱ ወገኖች መነሻና መድረሻውን በደቂቃና በሰከንድ ተስማምተው ካልለዩት፣ ማጫወቻውን የያዘው ሠራተኛ አንዴ ሲዘናጋ ጁሪው መስማት የሌለበትን ይሰማል።

ቪዲዮ ደግሞ ከንባብ ይከብዳል። የችሎት ጸሐፊ ግልባጩን ድምፁን ሳይለዋውጥ ያነባል፤ በቪዲዮ ግን ምስክሯ እንደገና ታለቅሳለች፣ በአካል ቀርቦ የተናገረው ተከሳሽ ግን ተመልሶ አይታይም። ለዚህ ነው የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የተቀዳ ዋና ምስክርነት ሲደገም ዳኛው «ዘግይታችሁ ስለሰማችሁት ከሌላው ማስረጃ በላይ አትመዝኑት» ብለው ያስጠንቅቁ፣ ጁሪው ባይጠይቅ እንኳ የመስቀለኛ ጥያቄውንና ከዚያ በኋላ የጠራው ወገን የሚያቀርበውን የድጋሚ ጥያቄ መልስ ከማስታወሻቸው ያስታውሱት ያለው። ይህ ማስጠንቀቂያ በየትኛውም ችሎት ባይዘለል እንመርጣለን።

የጁሪው ጥያቄ በምስክርና በጉዳይ ተለይቶ ቢጻፍ ሥራው ይቀላል። የሦስት ቀን ምስክርነት «ሁሉንም እንስማ» ማለት ግን ሌላ ሦስት ቀን መጠየቅ ነው፤ ዳኛው «ያልተስማማችሁት በየትኛው ላይ ነው?» ብለው ሊመልሱት ይችላሉ።