ዋግና ስም የሌለው ፕላስቲክ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ስንዴ ምርት ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ዘርና ማዳበሪያ ብዙ ያትታል፤ እኛ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰንዳፋ በኩል የምናርስ ሰዎች በየመኸሩ በስጋት የምንጠብቀውን ዋግ የተባለውን የስንዴ የፈንገስ በሽታ ግን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መርጨት እንደሚገባ ጠቅሶ ብቻ አልፎታል። የእኔ ጥያቄ የትኛውን መድኃኒት የሚል ነው።

ባለፈው መስከረም በስንዴዬ ቅጠል ላይ የቢጫ ዋግ ምልክት የሆነውን በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት እንዳየሁ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ሻጩ ከጀሪካን ወደ ውኃ ፕላስቲክ ቀድቶ፣ ስምም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ሳይኖርበት፣ ለአንድ መርጫ አንድ ክዳን ጨምር ብሎ ሸኘኝ። በሳምንቱ ቢጫው ከእሸቱ ሥር ወዳለው የመጨረሻ ቅጠል ወጣ፤ ፍሬውን በዋናነት የሚሞላው ይህ ቅጠል በመሆኑ፣ እሱ ከተጎዳ በኋላ ቢረጭ የቀረውን ማዳን እንጂ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ዱቄቱንም ነፋስ ስለሚወስደው ጉዳቱ በእኔ ማሳ አይቆምም።

ሻጩን ብቻ አልወቅስም። በሊትር 250 ግራም ፕሮፒኮናዞል የተባለ ፈንገስ ገዳይ ንጥረ ነገር የያዘው መድኃኒት ለአንድ ሄክታር ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ሩብ ሄክታር ለምትሆን ጥማድ 125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሁለት ጥማድ ያለው ሰው ለስምንት ጥማድ የሚበቃውን ሊትር ለምን ይግዛ? ስለዚህ ይቀዳለታል፤ የተቀዳው በውኃ ይቅጠን አይቅጠን ግን አያውቅም። የቀጠነ መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ደግሞ ከገንዘብ ኪሳራው በላይ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም ፈንገስ እንዲበዛ መንገድ ይከፍታል።

ዋግን የሚቋቋም ዝርያ መዝራት ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች ልክ ናቸው፤ ሆኖም ፈንገሱም ይለወጣል። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ኩብሳና ጋላማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች በቢጫ ዋግ ሲመቱ ብዙ አርሶ አደር ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ፤ ዲገሉም በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ግንድ ዋግ በሚባለው ሌላ ዓይነት ዋግ ተረታ። በዚያ መሐል መርጫ የያዘ ሁሉ የሚተማመንበት መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ስለሆነም የሚመለከታቸው አካላት መድኃኒቱ ለአንድ ጥማድ በሚሆን መጠን፣ በፋብሪካው ታሽጎና መመሪያው በምናነበው ቋንቋ ተጽፎበት ከነሐሴ በፊት እንዲቀርብ ቢያደርጉ፣ ዝግጅት ክፍሉም ጉዳዩን ተከታትሎ ቢዘግብ መልካም ነው። ያንን ፕላስቲክ ገና አልጣልኩትም፤ ውስጡ ምን እንደነበረ የሚመረምርልኝ ከተገኘ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አርሶ አደር፣ ከሰንዳፋ