የሒሳብ ጎበዝ የት ያመልክት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጎንደር ሒሳብ የሚወዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚሞሉበት ጊዜ ነው። ከሚያዘጋጁት ዝርዝር አብዛኛው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከግርጌው «ለመጠባበቂያ» ተብለው አንድ ሁለት የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይጨመራሉ። ይህ መጠባበቂያ ልጁን ሊቀበለው ይችላል፤ ገንዘብ ካልሰጠው ግን የመቀበያ ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሆኑት በርክሌይና ዩሲኤልኤ በሒሳብ አንቱ የተባሉ ናቸው። ሆኖም ለውጭ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የቤተሰቡን አቅም አይተው እርዳታ አይሰጡም። ወላጁ በዶላር መክፈል የማይችል ልጅ ከዝርዝሩ ያውጣቸው።

ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተን፣ ዬል፣ ዳርትመዝ፣ አምኸርስትና ቦውደን የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ለተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ፤ ኤምአይቲ ከመቶ የውጭ አመልካች ሦስት እንኳ አይወስድም። የዝርዝሩን መካከል መያዝ ያለባቸው እንደ ግሪኔልና ማካሌስተር ያሉ አነስተኛ ኮሌጆች ናቸው፤ አራት ወይም አምስት ይሁኑ። እርዳታ መጠየቁን በውሳኔያቸው ያስገቡታል፣ ከተቀበሉ ግን የሚያስፈልገውን ይሸፍናሉ። ለብዙ ኮሌጆች በአንድነት የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ኮመን አፕ፣ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የየራሳቸው የጽሑፍ ጥያቄ ስላላቸው ከአሥር በላይ ሲሆን ጥራቱ ይወርዳል።

የገቢ ማስረጃ ላይ ብዙ ማመልከቻ ይበላሻል። ነጋዴ ወይም ገበሬ ወላጅ የደመወዝ ወረቀት የለውም፤ ከቀበሌ ወይም ከገቢዎች ደብዳቤ አጽፎ በእንግሊዝኛ ማስተርጎም አለበት። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ ገቢው ወደ ዶላር የተመነዘረበት ቀን አብሮ ይጻፍ። አለዚያ በሁለት ፎርም ላይ ሁለት የተለያየ ገቢ ይታያል።

ቀጥሎ ኮርስ ነው። በአነስተኛ ኮሌጅ ጠንካራ የሒሳብ ተማሪ የሚማረው ሊያልቅበት ይችላል። ስለዚህ የዲፓርትመንቱን የ3ኛና የ4ኛ ዓመት ኮርሶች ማንበብ ያስፈልጋል፦ ሪል አናሊሲስና አብስትራክት አልጀብራ አንድ ሴሚስተር ብቻ ናቸው ወይስ ሁለት? ቶፖሎጂ በየዓመቱ ነው ወይስ በየሁለት ዓመቱ? ካልኩለስን ጨርሶ የገባ ልጅ አናሊሲስን 2ኛ ዓመት ላይ ይወስዳል፤ ተከታዩ ኮርስ በሚቀጥለው ዓመት ከሌለ ቆሞ ይጠብቃል። በካታሎግ ላይ መስፈሩን አይተን አንመን፤ ባለፉት አራት ሴሚስተሮች ፕሮግራም ውስጥ በእርግጥ መሰጠቱን እንይ።

ለመምህራን ባልደረቦቻችንም አንድ ነገር እንበል። «ትጉህ፣ ጨዋ፣ ከክፍሉ አንደኛ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ልጁን ከሌላው አይለይም። የ2 ስኩዌር ሩት ኢራሽናል መሆኑን ከመማሪያ መጽሐፉ በተለየ መንገድ አረጋግጦ ከሆነ፣ መንገዱን በሁለት መስመር ጻፉለት። ኤስኤቲ በተባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና በሒሳብ ሙሉውን 800 የሚያመጣ ብዙ ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ተማሪውም ደብዳቤውን ከመስቀል በዓል በፊት መምህሩን ይጠይቅ። ብዙ ማመልከቻ ከሚዘጋባቸው ቀኖች ኖቬምበር 1 በአብዛኛው ጥቅምት 22፣ ጃንዋሪ 1 ደግሞ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፤ ገና ሊደርስ ሲል መምህር ፍለጋ መሯሯጥ አያዋጣም።

እውነተኛው መጠባበቂያ አገር ቤት ነው። ማመልከቻ ሲሞላ የሚያመሽ ልጅ ብሔራዊ ፈተናውን ይዘነጋል፤ 50 በመቶ ካላመጣ ግን የአገር ውስጡም ምደባ ያመልጠዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና ስላለው ምዝገባው ለብቻው ይታይ። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ሒሳብን እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ የኖረች ከተማ ናትና ወላጅ «ሕክምና ይግባ» ቢል አይገርመንም። ግን ፎርሙ የሚሞላው ልጁ አራት ዓመት ለሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ሒሳብ ካለ፣ ሒሳብ ብሎ ይሙላ።

የሒሳብ መምህራን
ጎንደር