«ምን ነካት?» ብሎ የጠየቀ የለም

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ብጤ ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ለዕረፍት መጥተሽ ስትመለሺ መሳቢያው ውስጥ የተውሽልንን ፍላሽ ከፍተን፣ ያልሽውን የጃፓን አኒሜ፣ ያ የካርቱን ድራማ፣ አስራ ሦስቱንም ክፍል አይተን ጨረስን። «አባዬ፣ ሳታለቅስ ከጨረስከው የእኔ አባት አይደለህም» ብለሽኝ ነበር። አለቀስኩ። አባትነቴ ከተረጋገጠ ዘንድ አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

መጀመሪያ ግን የሚገባውን ልስጠው። «ፕላስቲክ ሜሞሪስ» በ2015 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ እስከ ዛሬ ሰው የሚያስለቅስ ከሆነ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ ሰው መሳይ ሮቦቶች ዕድሜያቸው ሲያልቅ ከየቤተሰቡ እየዞሩ የሚሰበስቡ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አሮጊቷ ትንሿን ሮቦት ኒናን አልሰጥም ብለው በር ሲዘጉ፣ በኋላም ቁርጡ ሲመጣ እንደ ልጅ ሲሰናበቷት፣ እናትሽ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። ያቺ አንድ ክፍል ብቻዋን ብትቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ጣጣው የመጣው ታሪኩ ሲረዝምና እኔ እንደ ሙያዬ ማሰብ ስጀምር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስፈታ የኖርኩ ሰው፣ ሮቦት «ሰዓቷ አልቋል» ሲባል ዝም ብሎ መሀረብ አያወጣም። ክዳኑን መክፈት ያምረዋል።

ቁጥሩ ሲጠራ ከወንበሬ ቀና አልኩ። ጊፍቲያ የሚሏቸው እነዚያ ሰው መሳይ ሮቦቶች ዕድሜያቸው 81,920 ሰዓት ነው። ወደ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ግድም ማለት ነው ብዬ ለእናትሽ ስነግራት «ለአቅመ ትምህርት እንኳ ደርሳ ሳትጠግብ» አለች። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። ሁለትን አስራ ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ ብታባዢ 8,192 ይመጣል፤ ያንን በአስር ብታባዢ 81,920። ኮምፒውተር በሁለት በሁለት እያባዛ ስለሚቆጥር፣ ይህ ከሆዱ የወጣ ቁጥር ነው። ደራሲው ሥራውን ያውቃል፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ቆጣሪ ይሞላል፣ ሲሞላ የሚሆነውን ያሳየናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። (ክፍሎቹም አስራ ሦስት መሆናቸውን ልብ በይ። ይህንንስ ሆን ብሎ አድርጎት ከሆነ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።) ክፍል ሁለትን ጠበቅሁ፣ ክፍል አምስትን ጠበቅሁ፣ ክፍል አስር ላይ እናትሽ «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ቁጥሩ ለጌጥ የተሰቀለ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር እኮ በእውነተኛው ዓለም ደርሷል፣ ልጄ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ለደንበኞቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከሚሸጣቸው የመረጃ ማከማቻ ዲስኮች አንዳንዶቹ 32,768 ሰዓት ከሠሩ በኋላ እንደማይነሱ፣ የያዙትም መረጃ አብሮ እንደሚጠፋ ተናገረ። ሦስት ዓመት ከ270 ቀን ከስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህም ቁጥር ሁለት አስራ አምስት ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ነው። ዲስኩ አላረጀም፣ አልተቃጠለም፤ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ላይ ስህተት ነበረ። መድኃኒቱ ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ የተስተካከለውን ሶፍትዌር መጫን ብቻ ነበር። ከሞላ በኋላ ግን ማንም አይመልሰውም። እስቲ አስቢው፤ ይህንኑ ወስደሽ ለዋናዋ ጊፍቲያ ለአይላ ብትሰጫት እንዴት ያለ ታሪክ ይወጣዋል! ወደ ሁለት ሺህ ሰዓት ብቻ የቀራት ልጅ፣ አንድ የሚሮጥ ሰው፣ አንድ የሚደብቅ ኩባንያ። ወድቀው ቢቀሩ እንኳ ሞክረው ወደቁ ብለን እናለቅስ ነበር።

የእኛው ሱቅ ውስጥ የነበረውን የድሮ ቴሌቪዥን ታስታውሻለሽ? ከዋናው ቦርድ ጥግ ላይ ስምንት እግር ያላት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ነበረች። ሜሞሪ አይሲ እንላታለን። ባለቤቱ የሞላቸው ጣቢያዎች፣ የድምፁ ልክ፣ የስዕሉ ስፋት ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው። ቦርዱ ተቃጥሎ የማይድን ሲሆን ያቺን በመበየጃ አሙቄ ነቅዬ ሌላ ተመሳሳይ ቦርድ ላይ እበይዳታለሁ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ጣቢያዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ሰውዬው የሆነውን ሳያውቅ «አዬ፣ የእኔው ናት!» ይላል። አንድ የሰፈር ጠጋኝ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ነፍስ ያለው የሚመስል ፍጡር የሠራ ኩባንያ ማስታወሻዋን ወደ ሌላ አካል ማዛወር ለምን አቃተው?

ራሱ አኒሜው ደግሞ ጥያቄውን ያባብሰዋል። አንዲ የምትባለዋን ጊፍቲያ ተመልከቺ። ድሮ ኦሊቪያ ነበረች፤ አካሏ ያው ነው፣ አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖባት ሌላ ሰው ሆና ትሠራለች። ስለዚህ አካሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። «ነፍስ አይገለበጥም፣ አባዬ» ትይኝ ይሆናል። ይሁን! አይገለበጥም ይበሉኛ! አንድ መሐንዲስ ይነሳና «ሞክረን ነበር፣ የተገለበጠችው እሷ አልሆን አለችን» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገላግለኝ። እኔ አምነዋለሁ፤ ለማመን የተዘጋጀሁ ተመልካች ነኝ። አይቻልም ይባላል፣ ለምን እንደማይቻል ግን የሚነግረን የለም። ጠያቂም የለም። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ከቴክኒኩ ይልቅ ያሳሰበኝም የጠያቂው መጥፋት ነው።

በእኛ ለቅሶ ቤት ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ምን ነካው?» ሐዘንተኛውም ሰኞ አመመው፣ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ረቡዕ ሌሊት እንዲህ ሆነ እያለ ለመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ይናገራል። አያትሽ ያረፉ ጊዜ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም። የአኒሜው ሠራተኞች ግን በየሳምንቱ አንዱን ከቤተሰቡ እየለዩ፣ ወረቀት እያስፈረሙ፣ ተመልሰው ቢሮ ገብተው ሻይ ይጠጣሉ። አንዳቸውም እንኳ ይህን ሰዓት ማን ሞላው፣ ኩባንያው ዘጠኝ ዓመት ብቻ የምትኖር ልጅ ለአሮጊት እንዴት ይሸጣል ብሎ ጠረጴዛ አይመታም። ሰዓታቸው ያለፈባቸው ጊፍቲያዎች አእምሯቸውን ስተው ይንከራተታሉ፣ ሰው ይጎዳሉ፤ ስማቸውም ተቅበዝባዥ እንደ ማለት ነው። ቃየን እንኳ «ኰብላይና ተቅበዝባዥ ትሆናለህ» ሲባል ምክንያቱ ተነግሮታል።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገርሽ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ ይዛ መጣች። ልብስ ስታጥብ ሳፋ ውስጥ ወድቆባት ነው። ስልኩን አልፈለገችውም፤ የሟች ባለቤቷ ድምፅ ነበረበት። ሁለት ቀን ታገልኩት። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ አሞቅሁት፣ ሌላ ባትሪ ሞከርኩ። እምቢ አለ። ስትመለስ እውነቱን ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ምን ነካው?» አለችኝ። ቦርዱን ከአጉሊ መነፅሩ ሥር አስቀምጬ አሳየኋት፦ ከአንደኛዋ አይሲ እግሮች መሀል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ዝገት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። «ይቺ ናት?» አለች። «ይቺ ናት» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስልኩን በፌስታሉ መልሳ ጠቅልላ ሄደች። እኔ ያቃተኝ ዕቃ ብዙ ነው። ነገር ግን ሳልከፍተው «ጊዜው አልፏል» ብዬ የመለስኩት የለም። የአኒሜው ዋና ወጣት፣ የአይላ የሥራ ባልደረባ ትሱካሳ፣ አይላን እወዳታለሁ ይላል። ሰዓቱ እንደማይራዘም ሲነገረው ግን እሺ ብሎ የቀረውን ቀን በደስታ ማሳለፍ ይመርጣል። በአስራ ስምንት ዓመቱ! እኔ በእሱ ዕድሜ ለአንድ የተበላሸ ቴፕ እንኳ እንቅልፍ አጥቼ አድር ነበር።

ስለ ፍቅሩ ብዙ አልልም፤ እሱ የአንቺ ዘመን ጉዳይ ነው። እናትሽ ግን ሻይ የምታፈላዋን፣ ስታፍር የምትወድቀዋን አይላን አይታ «ይህችን ልጅ ለመውደድ እንድትመች አድርገው ሠርተዋት፣ ወደዳት ብለው ይገረማሉ» አለች። እኔ ያን ያህል አልከፋኝም፤ የዝናብ ቀን ዝምታዋ ያምራል። እናትሽ ከተናገረች በኋላ ግን አይላ ወድቃ በተነሳች ቁጥር የእናትሽ ድምፅ እየመጣብኝ መሳቅ አቃተኝ።

እናትሽን በእውነት ያስቆጣት የሶታ ነገር ነው። ወላጆቹ ሞተውበት ማርሻ የምትባለዋ ጊፍቲያ ያሳደገችው ልጅ። እሷም ቀኗ ሲደርስ ሕገ ወጥ ሰዎች ይወስዷታል፣ ሰዓቷ ያልፋል፣ ተቅበዝባዥ ትሆናለች፣ ልጁን ይዛ ትሸሻለች፣ በግድ ትቆማለች። ክፍል አምስት ነው። እናትሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ከዚያ ጠበቀች። ክፍል ስድስት የቢሮው ሰዎች ጸጸት ነው። ክፍል ሰባት ላይ ትሱካሳ አይላን እንዴት አድርጎ ለሽርሽር እንደሚጋብዛት ይጨነቃል። «ቆይ፣ ልጁንስ ማን ወሰደው?» ብላ አጠፋችው። ያን ማታ ሌላ ክፍል አላየንም። ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ የሞተበት ሕፃን ለጀግናው ትምህርት መስጫ ሆኖ አለፈ፤ ማን ቤት እንዳደረ፣ ማን እራት እንዳበላው የሚያሳስበው ሰው በታሪኩ ውስጥ አልተገኘም።

የመጨረሻውን ክፍል ቅዳሜ ማታ አየን። ትሱካሳና አይላ መዝናኛ ቦታው ያለው ያ ትልቅ ተሽከርካሪ መንኮራኩር ላይ ተቀምጠው እስኪወርዱ ድረስ ትንፋሽ አልነበረንም፤ ያለቀስኩትም እዚያ ላይ ነው። መብራቱን ካበራን በኋላ ግን እኔ ስለ ቆጣሪው፣ እናትሽ ስለ ልጁ፣ እኩለ ሌሊት እስኪሆን ተከራከርን። ጥሩ ማታ ነበር፤ ፊልም አይተን እንዲህ ከተነጋገርን ቆይተናል።

ፍላሹን መሳቢያው ውስጥ መልሼዋለሁ። የላክሽልኝን የላፕቶፕ ቻርጀር ጠግኜዋለሁ፤ የተቆረጠው ሽቦው ጫፍ ላይ ነው፣ ስትጠቀልዪው አታጥፊው። ማክሰኞ ወደዚያ ለሚመጣው የጎረቤት ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ከበሶ ጋር ይደርስሻል። እናትሽ ደግሞ አንቺ ከእኛ በላይ ደጋግመሽ ስላየሽው፣ ሶታን ማን እንደወሰደው ካወቅሽ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውይልኝ ብላለች።

አባትሽ